የዓለም ትልቁ ሳይንቲስት ማን ነው? ከኒውተን እስከ እንሰት ጓሯችን

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ ሴሚስተር የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አንድ ክርክር አዘጋጅቶ ነበር። ርዕሱ «በታሪክ ውስጥ ትልቁ የሳይንስ ሰው ማን ነው?» የሚል ነው። አንዱ ቡድን ኒውተን አለ፣ ሌላው ቡድን አንስታይን አለ። ጭብጨባው፣ ጩኸቱ ሌላ ነበር። ክርክሩ ሊያልቅ ሲል ግን አንዲት የ6ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ከእኛ አገር ለምን አንድም ሰው አልተጠራም?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ጸጥ አለ። መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። ይህ ጽሑፍ የእሷን ጥያቄ ለመመለስ የተዘጋጀ ነው።

1. ትልልቆቹም አልተስማሙም

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። ይህን ጉዳይ እኛ ብቻ አይደለንም የተከራከርንበት። በ1999 አንድ የፊዚክስ መጽሔት የፊዚክስ ሊቃውንትን «ከሁሉም የሚበልጠው የፊዚክስ ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንስታይን አንደኛ፣ ኒውተን ሁለተኛ ወጡ። በ2005 ደግሞ የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ከሁለቱ ለሳይንስ የበለጠ ያበረከተው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አሁን ኒውተን አሸነፈ።

ታዲያ በ6 ዓመት ውስጥ አንስታይን ዕውቀቱ ቀነሰ ወይ? አልቀነሰም። ሁለቱም ከሞቱ ቆይተዋል። የተለወጠው ጠያቂውና ጥያቄው ነው። ገበያችንን አስቡት። እህል በጣሳ ይሰፈራል፣ ቅቤ በኪሎ ይመዘናል፣ ጨርቅ በሜትር ይለካል። ጨርቅን በጣሳ ልስፈር የሚል ሰው ካለ ይሳቅበታል። ሰውንም ስናወዳድር መለኪያው ምን እንደሆነ ካልተስማማን እስከ ማታ ብንጮህ አንግባባም። ስለዚህ ከስም በፊት መለኪያ እናውጣ።

2. ሦስት መለኪያዎች

ሀ) ማየትና መጠየቅ። ሁሉም ሰው የሚያየውን ነገር አይቶ ሌላው ያልጠየቀውን ይጠይቃል። ነገር ወደ መሬት ሲወድቅ ያላየ ማን አለ? ኒውተን ግን ዕቃን ወደ መሬት የሚስበው ኃይል ጨረቃንም የሚይዛት እሱ ራሱ ይሆን ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱንም በሒሳብ አስልቶ በ1687 በመጽሐፍ አወጣ።

ለ) መፈተሽ። «ይመስለኛል» ብሎ አይቀመጥም። የዛሬ 1000 ዓመት ገደማ የኖረው ኢብን አል-ሃይሰም የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይናችን ገብቶ ነው አለ። በአፍ ብቻ አላለም፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ ብርሃን አስገብቶ ሞከረ። አንስታይንም ብርሃን ፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ይጎብጣል ሲል ብዙ ሰው ያመነው በ1919 የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ ሌሎች ሰዎች ለክተው ካረጋገጡ በኋላ ነው። አንዱ የተለካበት ቦታ በአፍሪካ ምዕራብ በኩል ያለች ፕሪንሲፔ የምትባል ደሴት ናት።

ሐ) ለሌላው መድረስ። ያገኘውን ሌላ ሰው ደግሞ ሊሠራው፣ ሊጠቀምበት ይችላል። ማሪ ኩሪ በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 ደግሞ በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አገኘች። በሁለት የተለያየ የሳይንስ ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ራጅ የሚያነሱ መኪናዎች አዘጋጅታ ለቁስለኞች ደረሰችላቸው።

እንግዲህ እነዚህን ሦስቱን ይዘን ወደ አገራችን እንምጣ።

3. አክሊሉ ለማ፦ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ያየ ሰው

ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። እስቲ እናስታውሰው። የታመመ ሰው ሽንት ወይም ሰገራ ወንዝ ውስጥ ሲገባ የትሉ እንቁላል አብሮ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ውኃ ውስጥ ወዳለ ቀንድ አውጣ ይገባል። እዚያ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ውኃው ውስጥ የሚዋኘውን ወይም ልብስ የሚያጥበውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባበታል። ብዙ የሚያጠቃው ወንዝ ዳር የሚጫወቱ ልጆችን ነው። መሀል ላይ ያለው ቀንድ አውጣ ከጠፋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ይህን በሽታ ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድን የማያውቅ አለ? ሳሙና ሳይመጣ በፊት እናቶቻችን ፍሬውን እየወቀጡ ነጠላና ጋቢ ያጠቡበት የነበረ ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ያዩት ነገር ይህ ነው፦ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አሉ። በሌላ ቦታ ግን በሕይወት አሉ።

ልብ በሉ! ይህን ነገር ስንት ሰው አይቶት ይሆን? እንዶድ ለብዙ መቶ ዓመታት ታጥቦበታል። እሳቸው ግን «ለምን?» አሉ። ከዚያ አንዷን ሴት ለመኑና የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። መጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው። ውድ መሣሪያ የለው፣ መብራት የለው። አንድ ዕቃ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣ፣ ትንሽ አረፋ በቃ።

እሳቸው ግን በዚያ አልቆሙም። ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምርምር ተቋም እንዲቋቋም አደረጉ። በአድዋ ለዓመታት በተካሄደ ጥናት ወንዙ በእንዶድ ሲታከም በሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ወረደ። በምሳሌ ስናየው፣ ከ100 ሕፃናት 50 ታመው የነበረበት ሰፈር የታመሙት 7 ብቻ ሆኑ ማለት ነው። 43ቱ ልጆች እንደ እኔና እንደ እናንተ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው።

ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ የሚባሉ ባልደረባቸው ደግሞ በአገሪቱ እየዞሩ የተለያዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ከሁሉም የበረታውን መረጡ። «እንዶድ 44» ይባላል። ይህም አንድ ትምህርት ነው፤ ሳይንስ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም።

ነገሩ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በአፍሪካ የተሠራ ምርምር ነውና የውጭ ድርጅቶች ቶሎ አልተቀበሉትም። መርዛማነቱ በትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ይመርመር ተብሎ ብዙ ዓመት ወሰደ። መመርመሩ ራሱ ትክክል ነው፣ ምክንያቱም እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ሰውም ቢጠጣው ይጎዳል። (ስለዚህ ልጆች፣ እንዳትቀምሱት! ዓይናችሁንም እንዳይነካ!) የሚያሳዝነው መዘግየቱ ነው። በ1989 ሁለቱ ሳይንቲስቶች «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ስዊድን ላይ ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

በሦስቱ መለኪያዎች እንመዝናቸው። አይተው ጠየቁ፦ አዎ። ፈተሹ፦ አዎ፣ መጀመሪያ በዕቃ፣ ቀጥሎ በወንዝ። ለሌላው ደረሱ፦ አዎ፣ ያውም ድሃ ገበሬ ጓሮው ሊያበቅለው በሚችለው ተክል።

4. ሌሎችም አሉ

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ1950 በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ ተወለዱ። ትምህርት ቤቱ ሌላ ከተማ ስለነበር እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዱና አርብ ይመለሱ ነበር። «ቤቴ ከትምህርት ቤት ይርቃል» ለምትሉ ልጆች ይህቺን አስቡ። በኋላ ጅማ፣ ከዚያ ዓለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ ተማሩ። ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ ለሱዳን ገበሬዎች አደረሱ። ቀጥሎም አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋም ዝርያ ከባልደረቦቻቸው ጋር አወጡ። አቀንጭራ አበባው ያምራል፣ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ምግቡን ይመጣል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

ዶክተር መላኩ ወረደ የአገራችንን የዘር ባንክ ለብዙ ዓመታት መሩ። የዘር ባንክ ገንዘብ አይቀመጥበትም። የገብስ፣ የስንዴ፣ የማሽላና የሌሎች አዝርዕት አገር በቀል ዘር እንዳይጠፋ በቅዝቃዜ የሚጠበቅበት ቤት ነው። እሳቸው ግን ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም መጠበቅ አለበት ብለው ከገበሬዎች ጋር ሠሩ። እሳቸውም ያንኑ «አማራጭ ኖቤል» የተሸለሙት በ1989 ነው። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን!

ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ደግሞ ከጎጃም ፍኖተ ሰላም ናቸው። ልጅ ሳሉ አንበጣ መጥቶ የሰፈሩን እህል ሲበላ አዩ። አድገው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆኑ። በ2014 ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የሎሬያልና የዩኔስኮ ሽልማት አገኙ። ናይሮቢ ያለውን ትልቅ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። ሴት ተማሪዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው!

አንድ ነገር አስተዋላችሁ? እንዶድ፣ አቀንጭራ፣ ዘር፣ አንበጣ። ሁሉም የጀመሩት ልጅ ሆነው ወይም ሥራ ላይ ሆነው በአካባቢያቸው ካዩት ነገር ነው።

5. ስማቸው ያልተጻፈ የጓሯችን ሊቃውንት

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከአንጋጫ እስከ ዶዮገና መንገድ ዳር የሚታየው ምንድን ነው? እንሰት! በሀዲይሳም በከምባትኛም «ዌሳ» የምንለው። የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል። ተክሉን አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሕዝብ ብቻ ነው። ዛሬ በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ ምግብ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሲደርቅ እሱ ቆሞ ይጠብቃል።

እስቲ በጥሞና አስቡት። ጥሬው የእንሰት ግንድ ጭረት የበዛበት፣ ለመብላት የማይመች ነገር ነው። አንዲት ሴት በጥንት ዘመን ፍቃው፣ ጨምቃው፣ በቅጠል ሸፍና ጉድጓድ ውስጥ አብላላችው። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎችና እርሾዎች መሆናቸውን እናውቃለን። አሲድ ስለሚፈጥሩ ቆጮው ሳይበላሽ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። እሷ ማይክሮስኮፕ አልነበራትም። ግን ጉድጓዱ ውኃ ከገባበት ይበላሻል፣ በደንብ ካልተሸፈነ ይበላሻል፣ ከቆየው ቀላቅለው ቢያስጀምሩት ቶሎ ይደርሳል የሚለውን በሙከራ አወቀች።

ማራባቱስ? እንሰት ጓሮ ውስጥ በዘር አይራባም። ግንዱ ይቆረጥና የአሚቾው መሀል ያለው ቡቃያ ይወጣል፣ ከዚያ በአፈርና በፍግ ይቀበራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንድ አሚቾ ብዙ ችግኝ ዙሪያውን ብቅ ይላል። መሀሉ ካልወጣ ግን እንደዚያ አይበዛም። ይህን ማን አገኘው? ስሙ አይታወቅም። እያንዳንዱን ዓይነት በስሙ የሚጠሩ፣ ይሄ ለቡላ ይሻላል፣ ይሄ ለአሚቾ፣ ይሄ ለቃጫ፣ ይሄ ለታመመ ሰው የሚሉ አያቶች ዛሬም ቤታችን አሉ። ይህ ምደባ ነው። በሳይንስ መጽሐፋችን «መመደብ» ብለን የተማርነው ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ አደጋ አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጓሯችንን እያጠፋ ነው። መሀል ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይቢጫል፣ ሲቆረጥ ቢጫ የሚመስል ፈሳሽ ያወጣል፣ በመጨረሻ ተክሉ ይሞታል። ዳኛቸው ይርጉ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ብራድበሪ ከሚባሉ ባልደረባቸው ጋር ሆነው በ1968 የዚህን በሽታ ባክቴሪያ ለይተው ጻፉ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ የሙዝ እርሻን ያጠቃው ይኸው ባክቴሪያ ነው። የእኛ ጓሮ በሽታ የብዙ አገር ጉዳይ ሆነ። እኚህ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ እንኳ ስማቸውን የሚያውቅ ብዙ አይደለም። በእንሰት አገር ያለን ተማሪዎች ግን ልናውቀው ይገባል።

በሽታው እስካሁን የሚረጭ መድኃኒት የለውም። የሚከላከለው ንጽሕና ነው፦ የታመመውን የቆረጠ ቢላዋና መፋቂያ በእሳት ማቃጠል፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ በሽታ ካለበት ጓሮ ችግኝ አለመውሰድ፣ ከብት እንዳይበላው ማጠር። ይህን ዛሬ ማታ እቤት ልንናገር እንችላለን።

6. ክርክሩ ሲመዘን

አንዳንድ ጓደኞቻችን እንዲህ ይላሉ፦ «ኒውተን ለዓለም ሁሉ የሚሠራ ሕግ አገኘ። እንዶድና እንሰት ግን የአንድ አካባቢ ነገር ነው። እንዴት ይወዳደራሉ?» ይህ ጥሩ መከራከሪያ ነው። በስፋት ከለካን እውነትም ኒውተንና አንስታይን ይበልጣሉ። ሮኬት ሲተኮስ የኒውተን ሕግ አለ፣ የስልካችን አቅጣጫ ጠቋሚ ያለ አንስታይን ስሌት ይሳሳታል።

ሌሎች ደግሞ «አያቶቻችን ሳይንቲስት አይደሉም፣ አልተማሩም» ይላሉ። እነሱ አይተዋል፣ ጠይቀዋል፣ ሞክረዋል፣ ለእኛም አድርሰዋል። የጎደላቸው አንድ ነገር ነው፤ አልተጻፈም። ያልተጻፈ ዕውቀት ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። አክሊሉ ለማም ያደረጉት የሴቶቹን ዕውቀት መናቅ ሳይሆን ጠይቆ፣ ለክቶ፣ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። የዓለም መዝገብ ላይ የእኛ ስም ያነሰው ጭንቅላት ስለጎደለን አይደለም። ሳንጽፍ ስለቀረን፣ የጻፍነውንም ቶሎ የሚቀበለን ስላጣን ነው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። በስፋት ኒውተን ይቅደም። በመጽናት ማሪ ኩሪና ገቢሳ እጀታ። ሁሉም ያየውን አይቶ በቀላል ሙከራ ሕፃናትን በማዳን ግን አክሊሉ ለማን አንደኛ አደርጋለሁ። ከእሳቸው አጠገብ ስም የሌለው አንድ ወንበር ይቀመጥ፣ እሱም እንሰትን ላበላላችው ሴት። የማትስማሙ ካላችሁ መለኪያችሁን ጻፉና ለሚቀጥለው እትም ስጡን፣ እናወጣዋለን።

7. የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ) በ1999 እና በ2005 የተጠየቁት ሰዎች ለምን የተለያየ መልስ ሰጡ?
ለ) የቢልሃርዚያን ሰንሰለት በሥዕል አሳዩ። እንዶድ ሰንሰለቱን የሚበጥሰው የቱ ጋ ነው?
ሐ) ዶክተር አክሊሉ አረፋውን በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ መሞከር ለምን አስፈለጋቸው? የሞቱትን ማየት ብቻ ለምን አይበቃም?
መ) ቢላዋን በእሳት ማቃጠል የእንሰት በሽታን እንዴት ይከላከላል?
ሠ) የቤት ሥራ፦ አያታችሁን ወይም ጎረቤት ያሉ ትልቅ እናት ጠይቁ። ጓሯቸው ያሉትን የእንሰት ዓይነቶች ስም፣ እያንዳንዱ ለምን እንደሚጠቅምና የትኛው በሽታ እንደሚችል በደብተራችሁ ጻፉ። የተናገሩትን እናት ስምም ከላይ ጻፉ፣ እንዳትረሱ። ክበባችን ሰብስቦ በአንድ ደብተር ያስቀምጠዋል፣ ለሳይንስ መምህራችንም ይሰጣል።

ውድ አንባቢያን፣ «ለምን?» ማለት አይከፈልበትም።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ የሳይንስ ዓምድ